ሙቀጫው ይታጠብልኝ

እኔ የታይላንድ ምግብ አልወድም ነበር። ሳልቀምስ የፈረድኩ እንዳይመስላችሁ። ላስ ቬጋስ የሌሊት ታክሲ በምነዳበት ጊዜ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ ክፍት ሆነው ከማገኛቸው ጥቂት ቤቶች አንዱ የታይ ቤት ነበር። ሁልጊዜ የማዘው ፓድ ታይ የሚሉትን ኑድል፣ የሩዝ ፓስታ በሉት፣ ነው። ሌላውን ስም መጥራት ስለሚያስፈራኝ። ሁልጊዜም አንድ ነበር፤ ፓስታ በስኳር። ላዩ ላይ የተከካ ኦቾሎኒ ጣል ይደረግበታል። ግማሹን እበላና ሣጥኑን ከጎኔ ወንበር ላይ እረሳዋለሁ። ጠዋት መኪናውን የሚረከበኝ ልጅ "ደሞ ያንን ነገር በላህ?" ይለኛል።

ስለዚህ፣ ሰው "ታይ እንብላ" ሲል መልሴ አጭር ነበር። "ጣፋጭ ነው፤ ለልጆች ነው።" በዚህ አቋም ወደ አሥር ዓመት ኖሬያለሁ። የፈረሰው ባለፈው ፍልሰታ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ነው። ያፈረሰችው ደግሞ ከእንጀራ ውጭ ያለ ምግብ ሁሉ መክሰስ የሚመስላት እናቴ ናት።

እማዬ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ መጥታ ሎስ አንጀለስ እህቴ ቤት አርፋለች። እኔ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆች ይዤ ዓርብ ከሰዓት ተነሣሁ። መንገዱ 270 ማይል ያህል ነው፤ መኪና ካልበዛ አራት ሰዓት። መኪና ግን ይበዛል። ቤከር ላይ ያ ፎቅ የሚያህል ቴርሞሜትር 111 ይላል፣ በፋራናይት መሆኑ ነው። ባርስቶው ላይ ቤንዚን ቀዳን፣ ልጆቹ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ደረስን። እማዬ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ልጆቹን ሳመች። ቀጥሎ ባለቤቴን። እኔን ስማ እንኳ ሳትጨርስ፦

"እየጾምክ ነው አይደል?"

"አዎ" አልኳት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልናዘዝ። ሙሉ ውሸት አልነበረም። በፍልሰታ ቅቤና ሥጋ እቀንሳለሁ። መቀነስ ግን መጾም አይባልም፣ አውቃለሁ። እማዬ ጋ ደግሞ ቀልድ የለም። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ቤቷ የዓሣ ሽታ እንኳ አይገባም። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እሷ ፊት ያነሣ ሰው ሁለተኛ አያነሣውም።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ዕቅድ አወጣች። ፌርፋክስ ሄደን የጾም በያይነቱ እንብላ አለች፤ ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ያለችውን የኢትዮጵያውያን ሰፈር ለእማዬ ለማሳየት። እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች፦

"ይሄን ሁሉ ሰማይ ያቋረጥኩት እንጀራ ፍለጋ ነው እንዴ? እንጀራማ ቤቴ አለ። ያገሩን ምግብ አሳዩኝ።"

ዝም ተባባልን። ያገሩ ምግብ ምንድን ነው? በርገር ነው፣ እሱም በፍልሰታ። የእህቴ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች። ከስልኳ ቀና ሳትል "ያገሩ ምግብ ታይ ነው" አለች። ሳቅንባት። እሷ ግን አልሳቀችም። ከታይላንድ ውጭ እንደ ሎስ አንጀለስ ታይ የበዛበት ከተማ የለም ይባላል አለችን። ሆሊውድ ላይ ያለው የታይ ሰፈር ስሙ በከተማው የጸደቀው በ1999 ነው፤ የኛ ፌርፋክስ በ2002። "ሦስት ዓመት ይቀድሙናል።" እማዬ ይሄን ስትሰማ ምንም አላለችም። ምሳ ሽሮ ተበላ።

ማታ ላይ "ልጆቹን ላናፍሳቸው" ብዬ ወጣሁ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቹና የእህቴ ልጅ። ማናፈስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ባለቤቴ ገብቷታል፤ ዝም አለች። ሁለት ቀን ሽሮ የበላ ሹፌር ነኝ።

የታይ ሰፈር የሚባለው ሆሊውድ ቡሌቫርድ ላይ ከዌስተርን እስከ ኖርማንዲ ያለው ነው። ግማሽ ሰው ግማሽ አንበሳ የሆኑ ወርቃማ ሐውልቶች መግቢያውን ይጠብቃሉ። ምግብ ቤቶቹ ግን የሚያምር ነገር የላቸውም። ልብስ ማጠቢያ ቤትና ጥፍር ቤት መሀል የተሸጎጡ ናቸው። ፓርኪንግ ለማግኘት ሃያ አምስት ደቂቃ ዞርኩ። ታክሲ የነዳ ሰው ይሄ ነገር ክብሩን ይነካዋል።

ገብተን ተቀመጥን። ቾፕስቲክ አምጪ ልል ስል የእህቴ ልጅ እጄን ያዘችኝ። "ጋሼ፣ ታዮች በማንኪያ ነው የሚበሉት። ሹካው መግፊያ ነው። ቾፕስቲክ ለኑድል ነው።" እሺ። ከዚያ ሜኑው ላይ የጀልባ ኑድል የሚል አየሁና ጣቴን አሳረፍኩበት። "እሱን ተወው፤ መረቁ ውስጥ ደም አለበት።" ተውኩት። ግሪን ከሪ የሚሉት አረንጓዴ ወጥስ? "የሚፈጨው ቅመም ውስጥ ሽሪምፕ የሚሉት የባሕር ፍጥረት አለ።" ኧረ በፈጠረሽ! ስንት ጊዜ በልቼዋለሁ! የሽሪምፕ ድልህ ካፒ ይባላል፤ ከቃሪያው፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከጠጅ ሣሩ ጋር አብሮ ይወቀጣል። ሳታየው ትበላዋለህ። ንስሐ አባቴ ይሄን ጽሑፍ እንደማያነቡ ተስፋ አለኝ።

በመጨረሻ የዶሮ ላብ የሚባል ነገር አዘዝን። አልቀለድኩም፣ ስሙ ላብ ነው። የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድና የላኦስ ምግብ ነው። አስተናጋጇ "ፔት?" አለች። ያቃጥል ወይ ማለቷ ነው። እኔም ደረቴን ነፍቼ "ኢትዮጵያዊ ነኝ" አልኳት። ፈገግ ብላ ሄደች። ያ ፈገግታ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ላብ እንዲህ ነው። የተከተፈ ሥጋ፣ በሎሚ፣ በዓሣ ፈሳሽ፣ በናና፣ በተከተፈ ቀይ ሽንኩርት ይታሻል። ደረቅ ቃሪያ ተፈጭቶ ይገባበታል። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አፌ ውስጥ የማውቀው ነገር መጣ። በሶ! የገብስ ቆሎ ሲፈጭ የሚሸተው ሽታ። "ምንድን ነው ይሄ?" ስል፣ ጥሬ ሩዝ እስኪጠይም ተቆልቶ ተወቅጦ ነው አለችኝ። ሩዝ ይቆላል ብዬ አስቤም አላውቅ። ክትፎ በበሶ ብላችሁ አስቡት፤ በሎሚ ደግሞ።

ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ቃሪያው ደረሰ። እንደ ሚጥሚጣ ፊት ለፊት አይመጣም። ዞሮ ከኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ጆሮዬ፣ ከዚያ ጭንቅላቴ ላይ ያለችው የቀረች ፀጉር። ላቤ በአገጬ ይንጠባጠባል። ባለቤቴ ናፕኪን እያቀበለችኝ ትስቃለች። ውሃ ጠጣሁ፣ ባሰ። የእህቴ ልጅ በትንሽ የቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ ያለውን የሚጣበቅ ሩዝ ቆንጥራ ጠቅለል አድርጋ ሰጠችኝ። እሱ በእጅ ነው የሚበላው፤ እንደ ቆጮ ያዝ፣ ጠቅለል፣ ጠቀስ። እሱ አበረደልኝ። አፌ ገና እየነደደ እጄ ተመልሶ ሳህኑ ላይ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሎሚው ይጠራሃል፣ ጨዉ ይይዝሃል፣ ቃሪያው ይቀጣሃል፣ ናናው ይቅር ይልሃል። ደግሞ እንደገና።

"በርበሬ የኛ ነው ስትል አልነበር?" አለችኝ የእህቴ ልጅ መኪና ውስጥ። ቃሪያና በርበሬ ለኛም ለእነሱም ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ከኮሎምበስ በፊት አንድም ኢትዮጵያዊ አንድም ታይ አልቀመሰውም አለች። እውነቷን ነው። ፖርቹጋሎች የታዮችን የድሮ ከተማ አዩትያን የረገጡት በ1511 ነው፤ ቃሪያን ለታይ ያስተዋወቁት እነሱ ናቸው ይባላል። ስለ ፓድ ታይም እዚያው ነገረችኝ። እኔ የጥንት ምግብ መስሎኝ ነበር። የተስፋፋው ግን በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ፣ ፒቡንሶንግክራም የሚባሉት ጠቅላይ ሚኒስትር ሕዝቡ የሩዝ ኑድል እንዲበላ በቀሰቀሱበት ጊዜ ነው። የአገሪቱን ስም ከሲያም ወደ ታይላንድ የቀየሩትም እሳቸው ናቸው፣ በ1939። እንግዲህ አሥር ዓመት ሙሉ የፈረድኩት በመንግሥት ዘመቻ ምግብ ነው ማለት ነው።

ቤት ስንገባ እማዬ አልተኛችም። መቁጠሪያዋን ይዛ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች።

"ምን በላችሁ?"

ጭንቅ። ያመለጠኝ ቃል እውነት ሆነ።

"ላብ።"

"ምን አልክ?"

"ላብ ይባላል፣ እማዬ። የታይ ምግብ ነው።"

ለአፍታ አየችኝ። "በላብህ ብላ ነው እንጂ የተባለው፣ ላብ ብላ አልተባለም" ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

እሁድ ቅዳሴ ወጣን። ሲያልቅ ወደ ሰባት ሰዓት ግድም ሆነ። ሁላችንም ነጭ ለብሰናል። ልጆቹ ተርበዋል፣ እህቴ ቤት ሄዳ ድስት ጥዳ መሥራት ታክቷታል። የእህቴ ልጅ ይሄን ጊዜ እንደ ጠበቃ ተናገረች። ሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ውስጥ ዋት ታይ የሚባል የታዮች መቅደስ አለ። ቅዳሜና እሁድ ግቢው ውስጥ ምግብ ይሸጣል። ሰዎቹ ቤታቸው የሚበሉትን ነው የሚሸጡት። "እማማ ያገሩን ምግብ አሳዩኝ ብላ የለ?"

የእህቴ ባል ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነው። "የጣዖት ቤት ምግብ?" አለ። መኪናው ጸጥ አለ። ሁላችንም እማዬን በመስታወት አየናት። እሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ጊዜ ወሰደች።

"ለጣዖቱ የቀረበ ነው ወይስ ገበያ ነው?"

"ገበያ ነው፣ እማማ። ገንዘብ ከፍለን።"

"ጳውሎስ በገበያ የሚሸጠውን ብሉ ብሏል። ማየት ደግሞ አያስኮንንም። ንዳ።"

ደረስን። ደጃፉ ላይ ጥርሳቸውን ያገጠጡ ሁለት ግዙፍ ጠባቂዎች ቆመዋል። እማዬ ሦስቴ አማተበች። ትንሹ ልጄም አማተበ፣ እሷን አይቶ። መቅደሱ ደረጃ ላይ ጫማ ተደርድሯል፣ የልጅ፣ የአሮጊት፣ የስፖርት። እማዬ ቆም ብላ አየችው። "ጫማ አውልቀው ነው የሚገቡት" አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ይሄስ ደግ ነው።"

ግቢው ውስጥ የከሰል ጭስ፣ የሰው ግፊያ፣ የልጆች ጩኸት። ገንዘባችንን ቶክን በሚሉት ሳንቲም መሰል ነገር ለወጥን። እኔ ያን ቶክን በኪሴ እያንኳኳሁ ስቆም እማዬ ጠፋች።

ሮጥ ሮጥ ብለን ፈለግናት። ያገኘኋት በድምፅ ነው። ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ። እሷም ድምፁን ተከትላ ነው የሄደችው። ከአንዲት በዕድሜ የእሷ እኩያ ከምትሆን ሴት ፊት ቆማ፣ እጇን ከኋላ አድርጋ፣ የሠፈር ሽማግሌ የግንብ ሥራ እንደሚያይ ታያለች። ሴትየዋ ትወቅጣለች። ሙቀጫው ረዘም ያለ የሸክላ ነው፣ ዘነዘናው እንጨት።

"ሙቀጫ አላቸው!" አለችኝ። እንደዚያ ስትደሰት ያየኋት አሜሪካ ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እህቴ ቤት ያለው መፍጫ የኤሌክትሪክ ነው፤ እማዬ "የሚጮህ ዕቃ" ነው የምትለው።

ሴትየዋ የምትሠራው ሶም ታም ነው። ያልበሰለ ፓፓያ እንደ ክር ተልጎ ይመጣል። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ሙቀጫው ውስጥ ይገባል። ከዚያ የዘንባባ ስኳር፣ ሎሚ፣ ኦቾሎኒ፣ ረጃጅም ፎሶሊያ፣ ቲማቲም፣ በመጨረሻ ፓፓያው። በቀኝ እጇ ትወቅጣለች፣ በግራ እጇ በማንኪያ ትገለብጣለች። እማዬ ቅር ያላት አንድ ነገር ነበር። "አልወቀጠችውም እኮ፤ ነካክታ ነው የተወችው።" ቆይታ ደግሞ ራሷ መለሰችው። "አሃ። እንዳይልም ነው። ጭማቂው ብቻ እንዲወጣ ነው።" ማንም አላስረዳትም።

"ይሄን እበላለሁ" አለች።

ያን ጊዜ ነው ችግሩ የመጣው። ሴትየዋ ፊት ማሰሮዎች ተደርድረዋል። እማዬ አንድ በአንድ እየጠቆመች መመርመር ጀመረች። ይሄ ምንድን ነው? የዓሣ ፈሳሽ። ይሄስ? ደረቅ ሽሪምፕ። ይሄስ? በጨው የተቀመጠ ሸርጣን። "በስመ አብ!" አለች። ከኋላችን ሰልፍ ረዘመ። የእህቴ ልጅ ፊቷ ቀላ። እኔ ወደ ኋላ ዞሬ ለሰዉ ይቅርታ እያልኩ ነው።

ሴትየዋ ግን አልተቆጣችም። የእማዬን ነጠላ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ አንድ ቃል አለች። "ጄ?"

የእህቴ ልጅ ቃሉን ታውቀዋለች፤ የክፍል ጓደኛዋ ታይ ናት። ጄ የእነሱ ጾም በሉት። በመስከረምና በጥቅምት ግድም ዘጠኝ ቀን የሚከበር በዓል አላቸው። ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። ብዙዎቹ በእነዚያ ቀናት ነጭ ይለብሳሉ። ሴትየዋ ከነጭ ነጠላው ተነሥታ ነው የገመተችው። የእህቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ለእማዬ ተረጎመች። አክላም፦

"ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትም አይበሉም፣ እማማ።"

"ነጭ ሽንኩርትም?" እማዬ አፏን ያዘች። "እንግዲያማ ከኛ ይብሳል።" ትንሽ አሰበች። "እኔ ግን ነጭ ሽንኩርት እበላለሁ በያት። አስገቢበት በያት።"

ሴትየዋ ሳቀች። ፓፓያውን አነሣች። እማዬ እጇን ዘረጋች። "ቆይ። ሙቀጫው ይታጠብልኝ።"

አገር ቤት የጾምና የፍስክ ዕቃ እንደማይቀላቀል ታውቃላችሁ። ግን በዚያ ሰልፍ ፊት፣ በሰው አገር፣ በሰው መቅደስ ግቢ! "እማዬ በናትሽ" አልኩ። "ያ ሁሉ ሽሪምፕ የተወቀጠበት ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። የእህቴ ልጅ በመጨረሻ በልምምጥ ነገረቻት። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ሙቀጫውን ወደ ኋላ ወሰደች፣ ዘነዘናውንም ጨምራ አጠበች፣ አምጥታ ውስጡን ለእማዬ አዘንብላ አሳየቻት። እማዬ ጎንበስ ብላ አየች። አሸተተች። "አሁን ደህና።"

በዓሣው ፈንታ ጨው ገባ። ቃሪያ አንድ ብቻ፤ የእኔ ወሬ ደርሷታል መሰል።

እማዬ ቆማ ነው የበላችው። ልብ አድርጉ፣ እናቴ ቆማ አትበላም። የመጀመሪያውን ጎረሰች፣ ዝም። ሁለተኛውን። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና "ይሄ ነገር ጾም ነው ትላላችሁ?" አለች። ሳህኑን ለማንም አላቀበለችም። ልጆቼ ሲጠይቋት ከዳር ከዳር ኦቾሎኒውን እየለቀመች ሰጠቻቸው። ስትጨርስ ወደ ሴትየዋ ተመልሳ "እጅሽ ይባረክ" አለቻት፣ በአማርኛ፣ ዝቅ ብላ። ሴትየዋም ሁለት መዳፏን ደረቷ ላይ ገጥማ ዝቅ አለች። እማዬ ደግማ ዝቅ አለች። ሴትየዋም ደገመች። ሰልፉ ባይጮህ እስካሁን እዚያው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ገበያው የእሷ ሆነ። አንድ የሾርባ ድስት አጠገብ ቆማ "ጠጅ ሣር!" አለች። እኛ ለሻይ የምናደርገውን፣ ለበዓል ከቄጤማው ጋር የምንጎዘጉዘውን፣ እነሱ ወጥ ውስጥ ይከቱታል። ሌላ ቦታ ቅጠል ቆንጥራ በጣቷ አሸችና ለእህቴ አፍንጫ አቀረበችላት። "በሶብላ። ግንዱ ግን ወይን ጠጅ ነው።" ሁለት ቅጠል ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ወሰደች። ቶክን የሚያስከፍል አይመስለኝም።

ማንጎ በሩዝ የሚባለው ላይ ትንሽ ተጣላን። የሚጣበቀው ሩዝ በኮኮናት ወተት ይታሽና ከበሰለ ማንጎ ጋር ይቀርባል። "ወተት" የሚለውን ቃል ስትሰማ ሳህኑን ገፋችው። የላም አይደለም አልናት። "ስሙ ወተት ነው።" ከፍሬው የወጣ ነው አልናት። አልሰማችም። እህቴ ናት ያዳነችን። "እማዬ፣ እንደ ሱፍ በይው። ሱፉ ተወቅጦ፣ በውሃ ታሽቶ፣ ተጠልሎ ነጭ ውሃ ይወጣው የለ? ፍሬው ተፍቆ ተጨምቆ ነው።" እማዬ ሳህኑን መልሳ ሳበችው። "ታዲያ የሱፍ ውሃ አትሉም?" ቀመሰች። "ጨው አለበት። ጣፋጭ ላይ ጨው! ብልህ ናቸው።"

በዚህ መሀል ነው ትንሹ ልጄ የከዳኝ። አንድ የዶሮ ጥብስ የሚጠበስበት ከሰል ጋ ቆሞ፣ በጠራ አማርኛ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ አማርኛ እንዲናገር ስንለምነው እምቢ የሚለው ልጅ፦

"አባዬ ትናንት ይሄን በላ!"

እህቴ ሳቋን ለመደበቅ ዞረች። ባለቤቴ ስልኳን አወጣች። እማዬ ማንጎውን አኝካ እስክትጨርስ ጠበቅኩ።

"ላቡ ዶሮ ነበረበት?"

"አዎ እማዬ።"

"እኔም እኮ ለምን እንዲያ ላበህ ብዬ ነበር።"

ሌላ አልተናገረችም። ወደ ቬጋስ ስንመለስ ግን መኪናው ውስጥ ያስቀመጠችልኝ ምሳ ዕቃ ሽሮ ነበር፤ ለሳምንት የሚበቃ።

አሁን ላብ ቤቴ እሠራለሁ፣ በፍስክ ቀን። አሠራሩን ለጠየቃችሁኝ እነሆ። ከሁሉ አስቀድሞ ጥሬ ሩዝ፣ የሚጣበቀው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፣ ያለ ዘይት በዝግታ ቡና እንደሚቆላ ቁሉት። እስኪጠይም። ቸኩላችሁ እሳት ካበዛችሁ ላዩ ያራል ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከዚያ ውቀጡት፣ ብዙ አይድቀቅ። ለግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ሥጋውን በትንሽ ውሃ አብስሉት፣ አታድርቁት፣ ከእሳት አውጡት። የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት ማንኪያ የዓሣ ፈሳሽ፣ ደረቅ ቃሪያ እንደ አቅማችሁ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ የናና ቅጠል። ሩዙ መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ ከገባ ይላቁጣል። በሚጥሚጣ ሞክሬው ነበር፤ ኮረሪማው ናናውን ተጣላው። አይመከርም።

የዓሣው ፈሳሽ ጠርሙስ ቤት ውስጥ ጠብ አስነሥቷል። ትናንሽ ዓሣ በጨው ተዘፍዝፎ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ነገር ነው፤ ሽታው ምን እንደሚመስል አስቡት። ባለቤቴ ጋራዥ ይቀመጥ አለች። የበሰለ ቅቤ የማይገባው ሰውም ሲሸተው እንዴት ያገማል ይላል አልኳት። ጋራዥ ነው የሚቀመጠው።

ለጿሚዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። የታይ ቤት ገብታችሁ "አትክልት" ብቻ ብላችሁ አታምልጡ። የዓሣ ፈሳሽ፣ እንቁላል፣ የሽሪምፕ ድልህ፣ ኦይስተር ሶስ፤ አራቱን አንድ በአንድ ጠይቁ። ጄ የሚለውን ቃል ብትሉት ደግሞ ነገሩ ያጥራል። የእስያ ሱቅ ውስጥ ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያለበት ዕቃ ካያችሁ እሱ ነው። ነጭ ሽንኩርታችሁን ግን ራሳችሁ ትጨምራላችሁ።

እማዬ መስከረም ላይ አገሯ ገባች። በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን ማን እንደያዘላት አላውቅም፤ የሚታየኝ ጓዳዋና ሙቀጫው ነው። ያልበሰለ ፓፓያ ፍለጋ አትክልት ተራ ሄዳ ነበር። ነጋዴው "እናቴ፣ ይሄ አልደረሰም፣ ለነገ ሳምንት ይሁንልሽ" ብሎ ሊመልሳት ሞክሮ ነበር። ጎረቤቶቿ ሦስቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

"በደንብ አትውቀጪው" አልኳት።

"አንተ ነህ የምታስተምረኝ?" ቶክ፣ ቶክ። "ነካክቶ መተው ነው።"

አንደኛዋ ጎረቤት ቀምሳ "ከእንጀራ ጋር ይሄዳል" ስትል ይሰማኛል። እማዬ "አይሄድም" አለቻት፣ ቆጣ ብላ። ከዚያ ወደ ስልኩ ቀረበች።

"ያኛው ማን ነበር ስሙ? ያንተ?"

"ላብ።"

"ለፋሲካ ትመጣለህ አይደል? እሱን ትሠራልኛለህ። በዶሮ አይደለም፣ በበሬ። ሩዙን እኔ ከአሁኑ ቆልቼ አስቀምጣለሁ።"